ያልተመዘገበው የማዕዘን ቦታ

በዚያ ዓመት የአገሩ ሙቀት ወር በሆነው በሰኔ በረዶ ጣለ፤ በሐምሌም ውርጭ ነበር። በቆሎው ሳያፈራ ጠቁሮ ቀረ። ሰው ላሙን በድርቆሽ ለወጠ፤ ግማሹም ጓዙን ጭኖ ወደ ምዕራብ ሄደ። በጄነሲ ወንዝ ዳር ከተማ ቆርቁሮ ቦታ የሚሸጠው ዛብሎን ቱትል በእጁ ሳንቲም አልነበረውም። ግንበኛው አሞስ ሄል የውኃ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ገንብቶ ሲያስረክበው፣ በድካሙ ፋንታ የማዕዘኑን ቦታ ሰጠው። አሰጣጡ እንደ አባቶቹ ወግ ነበር፤ ከቦታው አንድ ጓል አፈርና አንድ ቅርንጫፍ አንስቶ፣ በሦስት ምስክሮች ፊት በአሞስ መዳፍ ላይ አኖረ። ወረቀት አልተጻፈም።

ሰባት ዓመት አለፈ። አሞስ ሞተ፤ ሚስቱ ኬዚያ እሱ በዚያው ቦታ ላይ በሠራላት ቤት ቀረች።

አንድ ቀን ዛብሎን በወንዙ ዳር ጀልባ ሲጠብቅ ከሟቹ ልጅ ከአስተማሪዋ ከፕሩደንስ ጋር ተገናኘ። ስለ ጤናው ጠየቀችው። ደረቱን እንደሚያመው፣ የሚመጣውን ብርድ ማለፉንም እንደሚጠራጠር ነገራት። ይህን ስትሰማ ለእናቷ ቦታ ውል ጽፎ በአውራጃው መዝገብ እንዲያስገባላት ለመነችው። ሽማግሌው ፊቱን አጠቆረ።

“አፈሩን አስጨብጬዋለሁ። ቃሌን ተጠራጠርሽው?”

“አጎት ዛብሎን፣” አለች፣ የከተማው ሰው ሁሉ እንደሚጠራው፣ “ቃልዎን ማንም አይጠራጠርም። ግን ቃልዎ የሚኖረው እርስዎ እስካሉ ነው።”

“ምስክር አለ።”

“አንዱ ሞቷል፤ አንዱ ወደ ምዕራብ ሄዶ ሚዙሪ ገብቷል አሉ። የቀሩት አቶ ጆብ ናቸው፤ እሳቸውም ትናንት በእናቴ ስም ጠሩኝ።”

ዛብሎን ሳቁን ዋጠ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወራሾቹ በሩቁ ኮነቲከት ያሉት የወንድሙ ልጆች መሆናቸውን አነሳች፤ እነሱ ኬዚያን አያውቋትም፤ መዝገቡን ሲገልጡ የማዕዘኑን ቦታ በዛብሎን ስም ያገኙታል።

ሽማግሌው ወረቀትን እንዳታሞግስበት ነገራት። በወጣትነቱ ቬርሞንት ውስጥ ዐሥር ዓመት የመነጠረውን መሬት የሸጠለት ሰው ለሌላም ሸጦት ኖሮ፣ ዳኛ አስለቀቀው። የሁለቱም ወረቀት እውነተኛ ነበር።

“ታዲያ ሌላው በምን ረታዎት?” አለች።

ዛብሎን ወንዙን አየ። “ቀድሞኝ የመዝገቡ ጸሐፊ ዘንድ ሄዶ ነበር። የእኔ ወረቀት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።”

“እንግዲያ የረታዎት ወረቀት አይደለም፣ መዘግየት ነው። እናቴን በዚያው መንገድ አይስደዷት።”

ሰው የተጎዳበትን ነገር ይጠላል፤ የተጎዳበትን ምክንያት ግን አይመረምርም። ዛብሎን ዕድሜውን ሙሉ ጸሐፊዎችን ሲጠላ ኖረ፤ ራሱን አንድ ቀን አልወቀሰም። ጀልባው መጣ፤ አልተሳፈረም።

ሰኞ ውሉን አስጽፎ ሊያስመዘግብ ከሚስቱ ከጠቢታ ጋር ወደ አውራጃው ከተማ ሄደ። ሕጉ የሚስትንም ፊርማ ይጠይቅ ነበርና ዳኛው ዛብሎንን ወደ ውጭ አስወጥቶ፣ በፈቃዷ መፈረሟን ጠቢታን ለብቻዋ ጠየቃት። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ባሏ ምን እንዳቆያት ጠየቃት።

“በተጋባን ሠላሳ ስምንት ዓመት ፈቃዴን የጠየቀኝ የለም” አለችው። “ምን ያስቸኩለኛል?”

በመዝገብ የገባ ቦታ ለልጅ ያልፋል፤ ቢቸግር ይሸጣል፤ ጎረቤት ድንበር ቢገፋ መዝገቡ ይመልሰዋል። ምስክር ይሞታል፣ ይረሳል፣ አገር ይለቃል። መዝገብ ለድኻም ለባለጸጋም፣ ለጠየቀው ሁሉ አንዱን ቃል ይናገራል። ይህን ያዩ፣ ቦታቸውን በቃል ብቻ የተቀበሉ የከተማው ሰዎች በዚያው ወር አንድ በአንድ ወደ ዛብሎን ደጅ መጡ፤ ለአንዱም ውል አልከለከለም።

የኬዚያን ግን ራሱ ወሰደላት። ማንበብ ስለማትችል ፕሩደንስ አነበበችላት፤ ስሟ ሲጠራ ደግማ እንድታነብ አዘዘቻት። ከዚያም ኬዚያ ወረቀቱን አጥፋ በጉያዋ ከተተችና ሽማግሌውን አየችው።

“እንግዲህ አጎት ዛብሎን” አለችው፣ “የአሞስን ድካም ከፍለዋል። ደስ ባለዎት ቀን መሞት ይችላሉ።”