የመንግሥት በር

በመንደር ምሥረታው ጊዜ ከቀራንዮ ወዲያ የሚሠሩት የገበሬ ቤቶች በራቸው ወደ መንገዱ ይዙር ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ለጎብኚ ያምራል ተብሎ ነበር። ከገበሬዎቹ አንዱ ጋሽ ፈይሳ፣ «ስሚኝ ልጄ፣ ነፋሱ በዚያ በኩል ነው፤ ሚስቴን ሳል ይዟታል» ብለው ቢለምኑኝም አልሰማኋቸውም።

ክረምት ላይ ከአለቃዬ ጋር ለጉብኝት ሄድንና በራቸውን አንኳኳሁ።

«እሱ የመንግሥት በር ነው፤ አልጋ አስደግፈንበታል። የእኛ በጓሮ ነው!» አሉ ከውስጥ።

ያልተፈቀደ በር የተገኘበት ቤት ይፈርሳል።

«ምን አሉ?» አለኝ አለቃዬ ከመኪናው ሳይወርድ።

«በሩ እንዳያረጅባቸው አይከፍቱትም፣ ጓድ።»

«ንቃት ማለት ይሄ ነው!» ብሎ ወደሚቀጥለው ቤት ነዳ።

እኔ በጓሮ ዞሬ ገባሁ። ጋሽ ፈይሳ በርጩማ እየሳቡልኝ፣ «አሁን ገና እንግዳ ሆንሽ» አሉኝ።