ከሚኒባሱ የወረደው ቀይ ጠብታ

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የአባዬ ሚኒባስ ከጅጅጋ ሐርተሼክ ከተማ ደርሶ በመጣ ቁጥር የራዲያተሩ ውሃ ይጎድላል፤ የሚያፈስበት ቦታ ግን አይታይም። መካኒኩ አብዲ «ሞተሩ ይውረድ» ሲል አባዬ ደነገጠ፤ ሳምንት ሙሉ ሥራ ሊፈታ ነው። «እስቲ ውሃ ጨምሪበት» አለኝ። ከጓሮ ጄሪካን አምጥቼ ሞላሁት። ሞተሩ ሲሞቅ ከውሃ ፓምፑ ሥር ቀይ ጠብታ ወረደ።

«ወላሂ ፓምፑ ነው! ሞተር ማውረድ ቀረ!» ብሎ አብዲ ጮኸ። «አንቺ፣ የሚያፈስበት እንዲታይ ቀለም መጨመር ማን አስተማረሽ?»

«የእኔ ልጅ እኮ ናት!» አለ አባዬ፣ ግንባሬን እየሳመ።

መሬት መሬት አየሁ። ዓይን አፋርነቴ መሰላቸው። ለማንም አልተናገርኩም እንጂ ጄሪካኑን ያነሳሁት ተሳስቼ ነው። ጅጅጋ ውስጥ ውሃ አይደፋምና፣ አዲሱን ቀይ ቀሚሴን ያለቀለቅኩበትን ውሃ ለሽንት ቤት አስቀምጬው ነበር።