እሳት የነደደለት ወይን

ወደምሠራበት የካዚኖ ሬስቶራንት አንድ ቀን ለምሳ እንግዶች ወይን የሚያስቀምስ ፈረንሳዊ መጣ። ትንሽ የወይን እርሻ አለው። እኔ የተጠጣበትን ብርጭቆ ከየጠረጴዛው አነሳለሁ፤ ልቤ ግን ቤት ነው፤ ትኩሳት የያዛትን ልጄን ጎረቤት ጋ ትቻት ነው የመጣሁት። ሰውየው ፒኖ ኑዋር የሚባለውን ቀይ ወይን አሞጋግሶ ሻርዶኔ ወደሚባለው ነጭ ወይን ተሻገረ። "ይሄኛው ዘር ቶሎ ያቆጠቁጣል፤ ውርጭ ይፈጀዋል። ብርድ ሲመጣ እኔና ባለቤቴ በየረድፉ እሳት አንድደን አብረነው እናድራለን" አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። አለቃዬ እትዬ አልማዝ እንባቸውን ጠረጉ።

አንጀታቸው ሲራራ አይቼ ጠጋ አልኩና "እትዬ፣ ጎረቤቴ ደውላ ልጅቷን እያንቀጠቀጣት ነው አለችኝ። ልሂድ?" አልኳቸው። "ውይ የኔ እናት! ሰው የለኝማ፣ ምን ላድርግሽ? ሺፍትሽን ጨርሺ፣ የትኩሳት መድኃኒት ይስጧት።" እንዲህ የምናገር ሰው አይደለሁም፤ ከአፌ አምልጦኝ "ልጄ ወይን ብትሆን ኖሮ ይለቁኝ ነበር" አልኩ። ቀና ብለውም አላዩኝ። "የሻርዶኔውን ብርጭቆ ቶሎ አንሺ፣ ሌላ ሊቀዳ ነው" አሉኝ። አነሳሁ። ያ እሳት ሲነድለት ያደረው ወይን በየብርጭቆው ግማሽ ግማሹ ተርፏል፤ አንድ በአንድ ሲንክ ውስጥ ደፋሁት።