መልስ የሚጠብቀው በቀቀን

ቀሐ ሰፈር ያሉት ጡረተኛ ነርስ አያ ደርሶ ግራጫ በቀቀናቸውን ልስጥህ ብለው ጠሩኝ። ደጃቸው ቆሜ «ቤቶች» አልሁ።

«ይግቡ። እንዴት አደሩ? ልጆች ደኅና?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስገባ ተናጋሪው ወፉ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» እስክል ጠብቆ «ከብቱስ?» አለኝ። ስንት ዓመት በጋዜጠኝነት ስሠራ እንዲህ መልስ የሚያስጨርስ ጠያቂ አላየሁም።

«ጆሮዬ ደከመ፤ ሲጠይቀኝ አልሰማውም» አሉ አያ ደርሶ። «አንተ ቤት ቀን ማን አለ?»

«ማንም የለም። ሥራ እውላለሁ።»

«ምነው ታዲያ፣ ከግድግዳ ጋር ሊጨዋወት ነው?»

እውነታቸውን ነው። አልወሰድሁትም። ግን ጠዋት ጠዋት እዚያ ደጅ «ቤቶች» እላለሁ፤ የሌሉኝ ከብቶች ደኅና መሆናቸውን ነግሬው ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።