ጀርባቸውን የሰጡት ማበጠሪያ ሠሪ

ማበጠሪያ ሠሪው ሽማግሌ ከቄራ የገዟቸውን ቀንዶች በከረጢት ተሸክመው ሲመለሱ፣ መታጠፊያው ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ተገጣጠሙ። ልጅቱ አስጎብኚ ናት። ጎብኚዎች ከእንግዲህ በእጅ ባለሙያዎቹ መንደር ይለፉ አይለፉ የሚለውን የመንደሩ ማኅበር ነገ ይወስናል፤ የሽማግሌው ቃል ደግሞ የብዙዎቹን ቃል ይጎትታል።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ? ወደ እርስዎ እየመጣሁ ነበር።»

«ለነገው ነገር ከሆነ እግርሽን አታድክሚ። እንቢ ብያለሁ።»

«እንቢታዎንም ቢሆን ቁጭ ብዬ ልስማው እንጂ።»

ሳቅ ብለው አስገቧት። መቀመጫቸው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

«ይሄ ወንበር ምነው ዞረ?»

«እኔ የታሰረ ጦጣ ነኝ? ጎብኚዎችሽ ሰላም ሳይሉኝ ካሜራ ይደግኑብኛል። ካማራቸው ጀርባዬን ያንሱ። ጎረቤቶቼም እኔን አይተው ዞረዋል።»

ልጅቱ ከመደርደሪያው አንድ ማበጠሪያ አንስታ ጥርሱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ሠራው?»

«ማን ይሥራው? እኔ ነኛ።»

«ጥርሱ እኩል አይደለም።»

በአርባ ዓመት እንዲህ ያላቸው አልነበረም። መነጽራቸውን አድርገው በሩ ላይ ወጥተው አዩት። እውነቷን ነው። ወር ሙሉ ሲሞርዱ የከረሙት በገዛ ጥላቸው ውስጥ ነበር። ኩራት ለባለሙያ ጌጡ ነው፤ ብርሃኑን ሲጋርድበት ግን ሙያውን ይበላዋል።

«እነሱ ናቸው ያበላሹብኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«ጥፋታቸውን ማን ነገራቸው? ጀርባ አፍ የለውም። ሕግ እናውጣ፤ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ ፈቃድ፣ ካሜራ መጨረሻ። እንቢ ያለውን እኔው እመልሰዋለሁ።»

«የሚከፍልሽን ሰው?»

«አጎቴን ሳያከብር የሚያልፍ ሰው አገሬን አየሁ ቢል ውሸቱን ነው።»

ሽማግሌው ማበጠሪያውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ፣ «የማዶ ሠፈር ሰዎችስ? ጎብኚ ሲመጣላቸው መሣሪያቸውን ጥለው የፋብሪካ ዕቃ ቸርቻሪ ሆነው ቀሩ» አሉ።

«እነሱ ሕጉን ሌላ ሰው ጻፈላቸው። የእኛን እርስዎ ይጻፉልን፤ እዚህ በእጅ ያልተሠራ አይሸጥም ይበሉ።»

በማግስቱ ሽማግሌው ከማኅበሩ ፊት ቆመው ያን ማበጠሪያ ከፍ አደረጉ። «ይሄን ጠማማ የሠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። ለሰው ጉድለታቸውን ሲያሳዩ ያያቸው አልነበረም። ከዚያ ልጅቱ ያለችውን አንድ በአንድ ተናገሩ፤ እጅ ሁሉ ተነሣ።

ዛሬ እንግዳው ሰላም ብሎ ይገባል፤ ነዋሪውም ሲያየው ፊቱን አያጠቁርም። በእጅ የተሠራውም ገበያ አግኝቷል። የአባታቸውን ሙያ ሲጠየቁ ይሸሹ የነበሩ ወጣቶች ዛሬ መንገድ እየመሩ «ያ የአባቴ ቤት ነው» ይላሉ።

አንድ ቀን አንድ ጎብኚ ዘው ብሎ ካሜራውን ደገነ። ልጅቱ አፍታ ሳትሰጥ ወደ ደጅ መለሰችው። ሰውዬው በኀፍረት ፊቱ ቀልቶ በሩን አንኳኳ፤ ባርኔጣውንም አውልቆ እጅ ነሣ።

ሽማግሌው የቀንዱን ብናኝ ከጉልበታቸው አራግፈው ወደ በሩ ከዞረው ወንበራቸው ብድግ አሉ።

«እንኳን ደህና መጣህ፤ ግባ» አሉት። «ቤቱ የእኔ ነው።»