የማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት

ልብስ ሰፊው ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ወደ ወንዙ ሲወርዱ፣ ደረጃው መጨረሻ ላይ አንዲት ወጣት ጎንበስ ብላ በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ስትቀዳ አገኟት። በውሃ መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ሰፈሩ «ባለጠርሙሷ» የሚላት ጎረቤታቸው ነች። አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቷቸው ሲኖሩ ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረው አያውቁም።

«እንደምን አደሩ አባባ? ቧንቧ ቤትዎ እያለ ወንዝ ምን አመጣዎት?»

«የቧንቧ ውሃ አልጠጣም። ድንጋይ ነው።»

«ይኼንንስ ምን ብለው ይጠጡታል? ከላይ ከብት ይነከርበታል። ከብት ደግሞ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ፈቃድ አይጠይቅም።»

ሽማግሌው ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ዋጡት። «ኩልል ያለ ነው። ታቹ ያለው ጠጠር ሳይቀር ይታያል።»

«ጀርሙስ ይታያል? የጠራ ሁሉ ንጹሕ ቢሆን ኖሮ እኔ ሥራ አልነበረኝም። ለመሆኑ ሆድዎን አይቆርጥዎትም?»

ይቆርጣቸው ነበር፤ ግን ለእሷ ብለው ሊያምኑላት ነው? ጀሪካኑን ሞልተው ሲያነሡ ወገባቸው እምቢ አለ። ልጅቷም ሳትጠየቅ ነጠቀቻቸው።

ደጃፋቸው ስትደርስ ላቧን እየጠረገች፣ «በሉ እንግዲህ፣ ለደከመ ሰው ውሃ ይሰጣል፤ የቧንቧውን ይስጡኝ» አለች።

«እዚህ ቤት ውሃ አይሰጥም» ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

እውነታቸውን ነው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ እዚያ ቤት ውሃ የቀመሰ እንግዳ የለም። የቧንቧውን መስጠት ፈሩ፤ የወንዙን ቢሰጡ ለምን ይባላሉ። ሰው አስገብቶ ውሃ አለመስጠት ደግሞ ነውር ነው፤ ስለዚህ ማስገባቱን ተዉት። የሚስታቸውን ታናሽ እህት እንኳ የወንዝ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ከደጅ መልሰዋታል። ሰፈሩ «ሰፊው ንፉግ ሆኑ» አለ። እሳቸውም ንፉግ መባሉን መረጡ፤ ከእውነቱ ይሻላቸው ነበርና።

ልጅቷ ግን አልሄደችም። በመጨረሻ ማንቆርቆሪያውን አምጥተው ክዳኑን ከፈቱላት። ውስጡ እንደ ተለሰነ ግድግዳ ነጭ ነው።

«እይው። ሚስቴ በኩላሊት ነው የሞተችው። በዚህ እያፈላሁ ዕድሜ ልኳን ያጠጣኋት እኔ ነኝ። እሷ ሆድ ውስጥስ ምን ያህል ተጋግሮ ኖሯል?»

የባለጠርሙሷ ምላስ ስለት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ወደ ሰገባው ተመለሰ።

«ሐኪሙ ምን አሉ አባባ?» አለች ቀስ ብላ።

«ስኳር ነው ኩላሊቷን የጎዳው አለ። ሐኪም ምን ያውቃል? ማንቆርቆሪያውን አላየ!»

ሐዘንተኛ የሚከስሰው ሰው ሲያጣ ማንቆርቆሪያ ምስክር አድርጎ ራሱን ይከስሳል።

«እርስዎ ሳይለኩ ጨርቅ ይቆርጣሉ?»

«ቆርጬ አላውቅም።»

«ታዲያ በራስዎ ላይ ሳይለኩ እንዴት ፈረዱ? የቧንቧው ውሃ ከዚሁ ወንዝ ነው የሚመጣው። ወንዙ የኖራ ድንጋይ እየላሰ ይወርዳል፤ ከድንጋዩ የሟሟው ማዕድን ሲፈላ ከውሃው ይለይና ብረቱ ላይ ይጋገራል። እኛ ደለሉን እናጠልላለን፣ ጀርሙን በክሎሪን እንገድላለን። ማዕድኑን የምንተወው ሰው ስለማይጎዳ ነው። የሚጎዳው ሳሙናዎንና ማገዶዎን ነው።»

«ወንዙ ውስጥም አለ ነው የምትይኝ?»

«እኔን አይመኑኝ። ይለኩ።»

ከቤቷ አዲስ ድስት አመጣች፤ የቧንቧ ውሃ ያልነካው። ከጀሪካኑ ቀድተው ጣዱት። ውሃው ጎድሎ ጎድሎ ሲደርቅ፣ ድስቱ ወለል ላይ ነጭ ነገር ቀረ። ሽማግሌው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ፋቁት፤ ስፌት እንደሚመረምሩ አድርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት።

«ያው ነው» አሉ። «እኔም ይኼንኑ ስጠጣ ኖሬ ኩላሊቴን አላመመኝም። እንግዲያ የገደልኳት እኔ አይደለሁም።»

«እርስዎ ውሃ ነው ያጠጧት፣ አባባ።»

በነገረችው መሠረት ኮምጣጤ በውሃ በጥብጠው ማንቆርቆሪያው ውስጥ አሳደሩት። ጠዋት ቅርፊቱ እየተላቀቀ ሲወርድ ግን ደስታ አልመጣላቸውም። ጥፋተኝነቱ ክፉ ቢሆንም አብሯቸው ይበላ፣ አብሯቸው ይተኛ ነበር። እሱም ሲሄድ ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ሰፋባቸው።

ለአንባቢ የሚቀረው ትምህርት ይህ ነው፦ ቅርፊት ያየ አይደንግጥ፤ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ያጽዳ። ማንቆርቆሪያው ቶሎ ያፈላል፣ ማገዶም ይተርፋል። የቧንቧ ውሃ ደፍርሶ ሲመጣ አፍልቶ መጠጣትና ለመሥሪያ ቤቱ መንገር ነው። ወንዝ ግን መስታወት ቢመስልም አይታመን። ልብስ ሰፊው ወደ ቧንቧው ሲመለሱ የሆድ ቁርጠቱ በዚያው ሰሞን ለቀቃቸው፤ ወገባቸውም ከደረጃው ዐረፈ።

ከሁሉ የሚበልጠውን ጥቅም ግን ልጅቷም አላሰበችውም። ሽማግሌው ኮታቸውን ለብሰው፣ ቁልፎቹን እስከ አንገት ቆልፈው፣ የሚስታቸውን እህት በር አንኳኩ። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች፤ እሳቸው ያደርጉት እንደነበረው።

«ውሃ ጠማኝ» አሉ።

«ያለኝ የቧንቧ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱኑ ቅጂልኝ።»

እጃቸውን አየች፤ ጀሪካን የለም። በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።