የኤምሪስ ከሰል

— ሄሎ?... አዎ፣ ማልድዊን ነኝ። ኢኒድ! ልደውልልሽ ስል ቀደምሽኝ።... ደህና ነን። ኔስታ፣ እባክሽ ሬዲዮኑን ቀንሺው፣ ኢኒድ ናት!

— የባቡሯ ገዢ? እኩለ ቀን ላይ ነው የሚመጣው። ግን... ተቀምጠሻል?

— ኧረ አልሰበርኳትም! ባልሽ የሠራትን ትንሽ ባቡር እሰብራለሁ እንዴ? ኤምሪስ ከመቃብር ተነስቶ ያንቀኛል።... አትሳቂ። እሱን ነው ልነግርሽ የፈለግሁት።

— ከኋላዋ የምትጎትታት የከሰል ጋሪ ባዶ ሆና ለዓይን አትሞላም፣ ከሰል ሥራላት ብለሽኝ አልነበር? ሠራሁ። እንጨት በልኳ ጠረብኩ። እውነተኛ የድንጋይ ከሰል በመዶሻ አደቀቅሁ፣ በወንፊት ነፋሁ፣ እንጨቱ ላይ ደርድሬ በቀጠነ ኮላ አጣበቅሁት።... አይ፣ አይነድም! ትንሿ ባቡር ውሃዋን የምታፈላው በጋዝ አይደል? ከሰሉ ለዓይን ነው። ገዢው እንዲወዳት ብዬ እስከ አፏ ሞላኋት።

— ጥፋቴ እሱ ሳይሆን አልቀረም። ኤምሪስ የሞላ ጋሪ መቼ ይወዳል? "ያልተነካ ከሰል የሰነፍ ከሰል ነው" እያለ የትንንሽ ባቡር ክበባችን ውስጥ ስንቱን አበሸቀ! ዕድሜውን ትልቁ ባቡር ላይ ከሰል ሲዝቅና በአቧራው ሲያስል የኖረ ሰው...

— ጎደለ። ከሰሉ ጎደለ ነው የምልሽ! በማግስቱ ስገባ ከፊት በኩል ጎድጉዷል። ድመቷ መስላኝ መልሼ ሞላሁት። ዛሬም ያው! ኮላው ደርቆ ድንጋይ ሆኖ እያለ። ወለሉ ላይ አንዲት ፍንካች የለም።... በቀኝ ነው በግራ? ምነው ጠየቅሽኝ?... በግራ።

— ኢኒድ?... ሄሎ፣ አለሽ?... አውቃለሁ፣ ግራኝ ነበር። አታልቅሺ፣ በናትሽ።

— ይገባኛል። ካርዲፍ ልትገቢበት ያሰብሽው የልጅሽ ቤት ለሰውም አይበቃ፣ ባቡሯን የት ታደርጊያታለሽ? ወደሽ እንዳልሸጥሻት እሱም... ቆይ። ቆይ አንዴ። ኔስታ! ነካሻት እንዴ?... አልነካችም። ኢኒድ፣ የእንፋሎት መለኪያዋ እየወጣ ነው።

— ማን ይለኩሳታል? ጋዙን ራሴ አውጥቼዋለሁ! የከሰል ጭስ ይሸተኛል። ኔስታም ሸቷታል፣ አፏን ይዛ ቆማለች። ኧረ ውስጧ ያለው ውሃ ጭላጭ ነው! ውሃው ካለቀ የማፍያ ጋኗ ይቀልጣል። ኤምሪስ አሥራ አንድ ክረምት የለፋባት ባቡር በዓይኔ እያየሁ ልትጠፋ ነው። ፈራሁ፣ ኢኒድ። እጄን እንኳ ልሰድ አልቻልኩም።

— ምን?... ከሱ ጋር ላገናኝሽ?... እሺ። እሺ፣ ስልኩን አስጠጋሁልሽ። ንገሪው።

— ...

— ኢኒድ፣ ወረደ! ዜሮ ገባ! ነካኋት፣ በረዶ ናት። አቤት አምላኬ! ምን አልሽው?

— "አልሸጣትም፣ በቃ ወደ ቤት ግባ" አልሽው?... ጎሽ። ደግ አደረግሽ። ገዢውን እኔ እመልሰዋለሁ። ቦታ ከጠፋም እኛ ጋ ትቀመጣለች፣ አንቺ አታስቢ።

— ኢኒድ... ማነው የሚያስለው?... አይ፣ እኔ ጋ አይደለም። አንቺ ጋ ነው።... ብቻሽን አይደለሽም እንዴ?

— ቆይ እንጂ፣ የት ልትሄጂ ነው?... ሻይ? ለማን ነው ሻይ የምትጥጂው? ኢኒድ!... ሄሎ?... ሄሎ?

— ኔስታ፣ ዘጋችው።